ኢሜይሌ ካርድ ሆነብኝ

ሰላም ናችሁ ወገኖች። በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ግማሹ ስለ አንድ ነገር ነው፣ ኮምፒውተሬ ላይ ያለው የኢሜይል ፕሮግራም አዲስ ቨርዥን መጣና አመሰቃቀለኝ የሚል። እኔም የምኖረው ኮዬ ፈጬ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ኔትወርኩ በረንዳ ላይ ሁለት ጭረት ነው መኝታ ቤት ሲገቡ ባዶ፣ እና የምትሉት ነገር በደንብ ይገባኛል። አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁት ስለ ተንደርበርድ ስለሆነ እሱ ላይ እቆያለሁ። የሜኑ ስሞቹን እንግሊዝኛውን እንዳለ በፊደላችን ጽፌዋለሁ፣ ፕሮግራሙ ላይ የምታዩት እሱን ስለሆነ ብተረጉመው ኖሮ ስትፈልጉት ልታገኙት አትችሉም ነበር።

ጥያቄ፦ ሰላም የዓምዱ አዘጋጅ። ገላን ውስጥ አንድ የትራንዚት ቢሮ ነው የምሠራው። የድሮው ኮምፒውተር ሲበላሽ አዲስ ላፕቶፕ ተገዛና ተንደርበርድን አዲሱን ጫኑልኝ፣ ከዛ ወዲህ መልዕክቶቹ በመስመር በመስመር መሆናቸው ቀርቶ እንደ ካርድ ተደርድረው በአንዴ የሚታዩኝ ሰባት ስምንት ብቻ ናቸው። በቀን መቶ ምናምን ኢሜይል ነው የሚገባልኝ፣ የአንዱን ደንበኛ ዶክመንት ለማግኘት ጣቴ እስኪዝል ወደ ታች እየጎተትኩ ነው የምውለው። ላይ የነበረው ፋይል፣ ኤዲት የሚለውም የለም። ይሄን አስጠፍቼ የድሮውን ላስጭነው?

መልስ፦ ኧረ እህቴ እንዳታስጭኚ! አንደኛ የድሮው የደህንነት ቀዳዳው አይደፈንለትም። ሁለተኛ ደሞ አዲሱ ቨርዥን አንዴ የከፈተውን ፕሮፋይል፣ ማለትም ኢሜይልሽና ሴቲንግሽ የሚቀመጥበትን ፎልደር፣ አሮጌው አልከፍትም ብሎ ይመልስሻል፣ ያኔ ሌላ ጣጣ ነው። ያማረረሽ ነገር የሁለት ክሊክ ሥራ ነው።

ያ ካርድ የመጣው በፈረንጆቹ ጁላይ 2023 በወጣው በ115ኛው ቨርዥን ነው፣ ሱፐርኖቫ ብለው ነበር የሰየሙት፣ ፕሮግራሙ ከ2004 ጀምሮ ያለ ስለሆነ መልኩ አርጅቷል ተብሎ ከላይ እስከ ታች ታደሰ። ካርዱ ስክሪን ለጠበበው ሰው ጥሩ ነው። በቀን መቶ ኢሜይል ለሚያገላብጥ ትራንዚተር ግን አይሆንም፣ ይሄ የኔ አስተያየት ነው። የመልዕክቶቹ ዝርዝር ከላይ በቀኝ ጥጉ ላይ ትንሽዬ ምልክት አለች፣ እሷን ስትነኪ ቴብል ቪው እና ካርድስ ቪው የሚሉ ሁለት ምርጫዎች ይመጣሉ፣ ቴብል ቪውን ምረጪ። ወዲያው ወደ መስመሩ ይመለስልሻል፣ ከየት መጣ፣ ርዕሱ፣ ቀኑ፣ ሁሉም በየአምዱ። ከዛ የፕሮግራሙ ቀኝ ጥግ ላይ ሦስት መስመር የሆነችውን ሜኑ ክፈቺና ዴንሲቲ የሚለው ላይ ኮምፓክትን ምረጪ፣ መስመሮቹ ይጠጋጋሉና በአንድ ስክሪን ብዙ ታያለሽ። ዓይንሽን ካደከመሽ እዛው አጠገቡ የፊደል መጠን መጨመሪያና መቀነሻ አለ።

ፋይል ኤዲት የሚለው አልጠፋም፣ ተደብቆ ነው። ኪቦርድ ላይ ኦልትን አንዴ ስትጫኚ ብቅ ይላል። እንዲቆይልሽ ከፈለግሽ ብቅ ባለበት ቪው፣ ከዛ ቱልባርስ፣ ከዛ ሜኑ ባር ላይ ምልክት አድርጊበት።

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ነኝ፣ ከቤት ሆኜ የትርጉም ሥራ እሠራለሁ። ዋይፋይ የለኝም፣ የስልኬን ሆትስፖት ነው የምጠቀመው። ተንደርበርድን በጫንኩ በማግስቱ የሳምንት ጥቅሌ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሙልጭ አለ። ቫይረስ ነው እንዴ?

መልስ፦ ቫይረስ አይደለም ወንድሜ፣ ፕሮግራሙ የታዘዘውን እየሠራ ነው፣ ያዘዝከው አንተ አለመሆንህ ነው እንጂ። ተንደርበርድ አይማፕ በሚባለው መንገድ አካውንት ስትጨምርበት በነባሪው ሴቲንግ ሰርቨሩ ላይ፣ ማለትም ኢሜይልህ በተቀመጠበት የድርጅቱ ኮምፒውተር ላይ፣ ያለውን መልዕክት በሙሉ፣ ፎልደር ሳይመርጥ፣ ወደ ላፕቶፕህ መቅዳት ይጀምራል። ጂሜይል በነጻ 15 ጊጋ ነው የሚሰጠው፣ ከድራይቩና ከፎቶው ጋር ተደምሮ፣ እና አንተ ባለፉት ዓመታት ያከማቸኸው ኢሜይል 5 ጊጋ ከሆነ 5 ጊጋውን ላውርድ ብሎ ነው የሚነሳው። ሐሳቡ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ኔት ሲጠፋም የድሮ ደብዳቤህን እንድታነብ ነው። ግን የታሰበው ኔት እንደ ቧንቧ ውሃ ለሚፈስለት ሰው ነው፣ የኛን ሰፈር ቧንቧ ማለቴ አይደለም።

አሁን እንዲህ አድርግ። በግራ በኩል የአካውንትህ ስም ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገህ ሴቲንግስ፣ ከዛ ሲንክሮናይዜሽን ኤንድ ስቶሬጅ የሚለውን ክፈት። መጀመሪያ የምታገኘው ሁሉንም ፎልደር እዚህ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጥ የሚል ምልክት ነው፣ አጠገቡ አድቫንስድ የሚል ቁልፍ አለ። እሱን ስትከፍት ፎልደሮቹ ይዘረዘራሉ፣ ኢንቦክስንና ሴንትን ትተህ የሌላውን ምልክት አንሳ። በተለይ ኦል ሜይል የሚባለውን የጂሜይል ፎልደር። እሱ ማለት ሌላ ቦታ ያየኸው ሁሉ ድጋሚ ያለበት ነው፣ አንዱን ሰነድ ሁለቴ ኮፒ እንደማስደረግ። ከዛ ዝቅ ስትል ሁሉንም ሲንክሮናይዝ አድርግ የሚለውን ትተህ የቅርብ ጊዜውን የሚለውን ምረጥ፣ 30 ቀን ይበቃሃል። የቆየ ደብዳቤ ስትፈልግ ያቺን ብቻ ከፍተህ ታወርዳለህ እንጂ ከሰርቨሩ የትም አትሄድም። ከዚህ መጠን በላይ የሆነ አታውርድ የሚልም አለ፣ 50 ኪሎባይት ተብሎ ተጽፎበት ታገኘዋለህ፣ ላንተ ሥራ 50 በጣም ያንሳል፣ 500 አድርገው፣ ከዛ በላይ የሆነው ስትከፍተው ያን ጊዜ ይመጣል።

ቆይ ግን እዚህ ጋር ቁም። እዛው ገጽ ላይ፣ ከቅድሙ ምርጫ ቀጥሎ፣ የቆየ መልዕክትን ዲሊት አድርግ የሚል ክፍል አለ፣ ሳጥኑም ቁጥሩም ከላይኛው ጋር ይመሳሰላል። እሱ የሚያጠፋው ከላፕቶፕህ ብቻ አይደለም፣ ከሰርቨሩም ነው፣ ጽሑፉም ራሱ እንደዛ ነው የሚለው፣ ሰው ግን መቼ ያነባል። እኔ ራሴ የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ቡና ጀበናው ላይ እየፈላ ቶሎ ልጨርስ ብዬ 30ን የላይኛው ላይ የጻፍኩ መስሎኝ የታችኛው ላይ ጻፍኩት። ሁለተኛውን ቡና እየጠጣሁ ዞር ስል የኢንቦክሱ ቁጥር ይወርዳል። አራት ሺህ ምናምን የነበረው ሦስት መቶ ገባ። ኔቱን ነቅዬ ሮጥኩ፣ ምን ዋጋ አለው፣ ካለፈ በኋላ ነው። የድሮ መሥሪያ ቤቴ ኢሜይል ነበር፣ የእህቴ ልጅ ክርስትና ፎቶ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤዬ ስካን፣ ሁሉም እዛ ነበር። እና የታችኛው ክፍል ላይ ምንም አታጥፋ የሚለው ዶንት ዲሊት ኤኒ ሜሴጅስ መመረጡን በዓይንህ ሳታይ ከገጹ እንዳትወጣ።

ብዙ ሰው ደሞ በየ10 ደቂቃው አዲስ መልዕክት ይይ የሚለውን 60 አደርጋለሁ እያለ ይነካካል፣ እሱ የሚበላው ፍርፋሪ ነው፣ ተወው። የሚበላው ሥዕል ነው። ማስታወቂያ ነክ ኢሜይሎች ውስጥ ያለው ሥዕል ከሌላ ሰርቨር ነው የሚመጣው፣ ተንደርበርድ በራሱ ያግደዋል፣ ከመልዕክቱ በላይ ፕራይቬሲህን ለመጠበቅ አግጃለሁ የሚል መስመር ያወጣልሃል። እዛ ላይ ሁሌ ፍቀድ እንዳትል፣ ለዳታው ብቻ አይደለም፣ አንዳንዱ ሥዕል ነጥብ የምታክል ሆና የምትላከው ኢሜይሉን መክፈትህን ለላኪው እንድትነግርበት ነው።

በመጨረሻ፣ ጥቅልህን የጨረሰው ተንደርበርድ ብቻ ላይሆን ይችላል። ዊንዶውስ ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ፣ ዳታ ዩሴጅ ብትል ማን ስንት እንደበላ በስም ዘርዝሮ ያሳይሃል። ሆትስፖቱንም ሚተርድ ኮኔክሽን፣ ማለትም ዳታው የሚቆጠር መስመር፣ ብለህ ምልክት አድርግበት፣ የዊንዶውስ አፕዴት ራሱ ትንሽ ረገብ ይላል።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ነዋሪነቴ ለገጣፎ ነው። ልጆቼ ውጭ አገር ናቸው፣ የሚጽፉልኝም በኢሜይል ነው። ዊንዶውስ ላይ የነበረችው ሜይል የምትባለው ሥራ ካቆመች ቆየች፣ ስከፍታት አውትሉክ የሚባል ይመጣል፣ እሱ ደግሞ ደብዳቤው መሐል ማስታወቂያ ያስገባብኛል። የልጅ ልጄ ተንደርበርድ የሚባለውን ጭኖልኝ ነበር፣ ነገር ግን የጂሜይል ፓስዎርዴን በትክክል እያስገባሁ አይቀበለኝም። ደብዳቤዎቼ ጠፍተው ይሆን?

መልስ፦ ጋሼ አልጠፉም፣ ሐሳብ አይግባዎት። ደብዳቤው የተቀመጠው ጎግል ሰርቨር ላይ ነው፣ ሜይል የምትባለዋ መስኮት ነበረች፣ መስኮት ቢዘጋ ቤቱ ውስጥ ያለው ዕቃ አይጠፋም። ማይክሮሶፍት ያቺን ፕሮግራም በፈረንጆቹ ዲሴምበር 31 ቀን 2024 ዘግቷታል፣ ከዛ ወዲህ መላክም መቀበልም አትችልም፣ በሷ ቦታ የመጣው አዲሱ አውትሉክ ነው። በነጻ ለሚጠቀምበት ሰው እውነትም ማስታወቂያ ያሳያል። ሌላም አለ፣ የጂሜይል አካውንት ሲጨምሩበት የደብዳቤዎን ቅጂ ወደ ማይክሮሶፍት ክላውድ ይወስዳል። ለአንዳንዱ ሰው ምንም ማለት ላይሆን ይችላል፣ እኔ ግን ደብዳቤዬ ሁለት ሰው ቤት እንዲያድር አልወድም፣ ተንደርበርድ ደሞ እንደዛ አያደርግም፣ ከጎግል ወደ እርስዎ ኮምፒውተር ቀጥታ ነው።

ፓስዎርዱን በተመለከተ፣ እርስዎ አልተሳሳቱም። ጎግል ከሜይ 30 ቀን 2022 ጀምሮ ፓስዎርዱን ለሌላ ፕሮግራም ሰጥቶ መግባትን ለግል አካውንቶች አቁሟል። አሁን የሚሠራው ፕሮግራሙ የጎግልን የራሱን መግቢያ ገጽ ይከፍትልዎታል፣ ፓስዎርዱን እዛ ያስገባሉ፣ ጎግል ደሞ ለፕሮግራሙ እንደ መታወቂያ ዓይነት ነገር ይሰጠዋል። ስሙ ኦኦት ቱ ይባላል። የልጅ ልጅዎ የአካውንቱን ሰርቨር ሴቲንግስ ከፍቶ ኦተንቲኬሽን ሜተድ የሚለው ላይ ኖርማል ፓስዎርድ የሚል ካገኘ ወደ ኦኦት ቱ ይቀይረው፣ የመላኪያው ሰርቨር ላይም እንደዛው፣ ብዙ ሰው ይቺን ይረሳና መቀበል እንጂ መላክ አቃተኝ ይላል። የጎግል ገጽ ብቅ ብሎ ባዶ ሆኖ ከቀረ ደሞ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ውስጥ ኩኪ መቀበል ተዘግቶ ይሆናል፣ ይክፈተው።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ እምቢ ካለ ግን አንድ ነገር ይመልከቱልኝ፣ ከታች በቀኝ ያለውን ቀንና ሰዓት። ያረጀ ኮምፒውተር ውስጥ ሰዓቷን የምትይዝ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ትንሽ ባትሪ አለች፣ እሷ ስትሞት መብራት በሄደ ቁጥር ኮምፒውተሩ ቀኑን ረስቶ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ቀኑ ሲሳሳት ደሞ ሰርቨሩ የሚያሳየው የደህንነት ሰርተፍኬት ጊዜው ያልደረሰ ይመስለውና አላምንህም ብሎ ይዘጋል። የኢሜይል ችግር ነው ተብሎ ስንት ጊዜ ተጠርቼ ሄጄ ያቺን ባትሪ ቀይሬ ተመልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ሰበታ ነኝ፣ ዘንድሮ ነው የተመረቅኩት። ሥራ እያመለከትኩ ነው፣ ሲቪዬን አያይዣለሁ ብዬ ጽፌ ሳላያይዝ ስልክ ይኸው ሦስተኛዬ ነው። አንደኛው መሥሪያ ቤት እባክዎ ሲቪዎን ይላኩ ብሎ መለሰ፣ ሁለቱ ዝም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አይዞሽ፣ ያልደረሰበት የለም። ተንደርበርድ ይሄን የሚያስታውስ ነገር አለው፣ ችግሩ እንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚያውቀው። አታችድ፣ ሲቪ፣ ሬዙሜ የሚሉ ቃላት በላቲን ፊደል ስትጽፊ አይቶ ፋይል ከሌለ ከታች በኩል ረሳሽ እንዴ ይልሻል፣ ሴንድ ስትይም ያቆምሻል። አማርኛውን አስተምሪው። ሴቲንግስ፣ ከዛ ኮምፖዚሽን፣ አታችመንትስ የሚለው ጋር ስትደርሺ ኪዎርድስ የሚል ቁልፍ አለ፣ እዛ ውስጥ አድ እያልሽ አንድ በአንድ አስገቢ። አማርኛ ቃል መልኩን ይቀያይራልና የምትጽፊውን ዓይነት ሁሉ አስገቢለት፦ አያይዤ፣ አያይዣለሁ፣ ተያይዟል፣ አባሪ፣ ሲቪዬን፣ ሲቪዬ። ከዛ ለራስሽ አንድ የሙከራ ኢሜይል ጽፈሽ ይሠራ እንደሆን እዪ።

እኔ ደሞ የማደርገው ሌላ ነገር አለ፣ ቅደም ተከተሉን ገልብጬ መጀመሪያ ፋይሉን አያይዛለሁ፣ ከዛ ጽሑፉን እጽፋለሁ፣ የአድራሻውን ቦታ ደሞ በመጨረሻ። አድራሻ ከሌለው በስህተት ሴንድ ብትነኪም የትም አይሄድም።

ጥያቄ፦ ቡራዩ ነኝ። ተንደርበርድ ላይ ሴንድ ሌተር የሚባለውን አድኦን፣ ኢሜይል በቀጠሮ የሚልከውን ተጨማሪ፣ ጭኜ፣ ሪፖርቴን ቅዳሜ ጨርሼው ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት እንዲሄድ ብዬ 3:00 ላይ ሞላሁት። ሰኞ ቢሮ ስገባ አለቃዬ በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው እንዴ የምትሠራው ብሎ ሳቀብኝ። ፕሮግራሙ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ሃሃሃ፣ ፕሮግራሙ ደህና ነው፣ ያልተግባባችሁት በሰዓት አቆጣጠር ነው። እሱ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚያስበው፣ የኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ለሱ 9:00 ነው፣ አንተ የሞላኸው 3:00 ደሞ የኛ ሌሊት ዘጠኝ ነው። ደግነቱ አለቃህ ታታሪ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። አንድ ነገር ግን እወቅ፣ ያ አድኦን የሚልከው ሰዓቱ ሲደርስ ላፕቶፑና ተንደርበርድ ክፍት ከሆኑ፣ ኔትም ካለ ብቻ ነው፣ ያን ሌሊት ሳትዘጋው አድረህ ነው የሄደልህ።

ኔት ከሌለህ ደሞ አድኦንም አያስፈልግም። ጽፈህ ስትጨርስ በሴንድ ፈንታ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢንተር አንድ ላይ ተጫን፣ አውትቦክስ የሚባል ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ኔት ሲመጣ አውትቦክሱ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገህ ሴንድ አንሴንት ሜሴጅስ ማለት ነው። እኔ ማታ መብራት ሲሄድ በላፕቶፑ ባትሪ አምስት ስድስቱን ጽፌ አስቀምጥና ጠዋት አውቶቡስ እየጠበቅኩ ሆትስፖት ለሁለት ደቂቃ ከፍቼ ሁሉንም በአንዴ እሸኛቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ላፕቶፑ ላይ ያሉኝን አራት አካውንቶች ስልኬም ላይ ማድረግ እፈልጋለሁ፣ አንድ በአንድ መሙላት ሰለቸኝ። ከአየር ጤና።

መልስ፦ አንድሮይድ ከሆነ ተንደርበርድ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ለሱም አለ፣ መሠረቱ ኬ ናይን ሜይል የሚባለው የቆየ አፕ ነው። ላፕቶፑ ላይ ቱልስ ብለህ ኤክስፖርት ፎር ሞባይል ስትል ኪዩአር ኮድ ያወጣልሃል፣ በስልኩ አፕ ስካን ታደርገዋለህ። የሚሻገረው ሴቲንጉ ነው እንጂ ደብዳቤው አይደለም፣ ጂሜይሎቹም አንዴ ስልኩ ላይ ድጋሚ ግባ ይሉሃል። ፓስዎርዱንም አብሬ ላሻግር ብለህ ከመረጥክ ኮዱ ስክሪን ላይ እያለ ከኋላህ ማን እንዳለ እይ፣ ካፌ ውስጥ አታድርገው።

ጥያቄ፦ ዓለም ገና የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ኮምፒውተሬ ዊንዶውስ 7 ነው። ሁሉም ሰው አዲሱን ተንደርበርድ እያለ ያወራል፣ የኔ 115 ላይ ቆሞ አፕዴት አላደርግም ይላል። የደንበኞቼ ፋይል በሙሉ ኢሜይሉ ውስጥ ነው።

መልስ፦ አያደርግም ወዳጄ፣ 115 ዊንዶውስ 7 እና 8ን የሚቀበለው የመጨረሻው ትልቅ ቨርዥን ነው። ዊንዶውስ 7ን ራሱን ማይክሮሶፍት ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ትቶታል። በየቀኑ የሰው ፍላሽ የሚሰካበት ኮምፒውተር ነው፣ እና እውነቱን ልንገርህ፣ የሚያሳስበኝ ኢሜይሉ ሳይሆን ማሽኑ ነው። ማሽኑ አቅም ካለው ሌላ ሲስተም አስጭንበት፣ ዊንዶውስ 10ም ቢሆን በኦክቶበር 2025 ድጋፉ አብቅቷልና አስበህበት፣ ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ ሲስተም የሚችል ልጅ ሰፈርህ ውስጥ አይጠፋም።

ከዛ በፊት ግን ዛሬውኑ ባክአፕ አድርግ። ሄልፕ፣ ከዛ ትራብልሹቲንግ ኢንፎርሜሽን በል፣ ፕሮፋይል ፎልደር የሚለው ጎን ኦፕን ፎልደር አለ፣ እሱን ስትነካ አንድ ትርጉም የሌለው ስም ያለው ፎልደር ውስጥ ያስገባሃል። ተንደርበርድን ዝጋ፣ ሳትዘጋ ኮፒ ካደረግክ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል፣ ከዛ ወደ ኋላ አንድ ደረጃ ወጥተህ ያንን ፎልደር እንዳለ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጠው። ኢሜይልህ፣ አድራሻህ፣ ሴቭ ያደረግከው ፓስዎርድ ሁሉ እዛ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ሃርድ ዲስኩን ደንበኛ የሚያገኘው ቦታ አታስቀምጥ። ቱልስ ውስጥ ኤክስፖርት የሚልም አለ፣ በዚፕ ያወጣልሃል፣ ግን ከ2 ጊጋ በላይ ሲሆን አይችልም፣ የጽሕፈት ቤት ኢሜይል ደሞ በ2 ጊጋ አያልቅም፣ በእጅ ገልብጠው።